የአባዬ ሹመት

አባዬ የተሾመው ዛፍ ላይ ሆኖ ነው። እኔ እንደዚያ ነበር የማምነው። ሰባት ዓመቴ ነበር፣ ማንም «አይደለም» አላለኝም፣ እኔም የሚጠየቅ ነገር አልመሰለኝም።

የምንኖረው የደን ዘር ጣቢያ ውስጥ ነው። አሁንም እዚያው ነን። ጣቢያ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ በአንድ ረድፍ የተደረደሩ ቆርቆሮ ቤቶች፣ አንድ ማድረቂያ፣ አንድ መጋዘን፣ ከዚያ በቃ ጥድ ነው፣ ፓይን የሚሉት። ጥድ፣ ጥድ፣ አሁንም ጥድ። ሥራው እንዲህ ነው፦ ፍሬ አውራጅ የሚባለው ሰው ዛፍ ላይ ይወጣና ፍሬውን ሳይከፈት ይለቅማል። ፍሬ ስል የሚበላ አይደለም፤ ያ እንጨት የመሰለው ሻካራው፣ ትምህርት ቤት «ኮን» የሚሉት። ከዚያ ማድረቂያው ውስጥ ሸራ ላይ ይሰጣል። ሙቀት ሲያገኘው ቅርፊት በቅርፊት ይከፈታል፣ ከየቅርፊቱ ሥር ክንፍ ያለው ዘር ይወጣል። ክንፉ የተሰጠው ንፋስ ይዞት እንዲሄድ ነው። የኛ ሥራ እንግዲህ ንፋሱን መቅደም ነው።

አባዬ ፍሬ አውራጅ ነበር። እማዬ ማድረቂያው ውስጥ ፍሬ ታገላብጥ ነበር።

ያን ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ሰው ሁሉ አንድ ዛፍ ሥር ተሰብስቦ አንጋጧል። እኔም ሄጄ አንጋጠጥኩ። አባዬ ጫፍ አካባቢ ግንዱን አቅፎ ቆሟል። ከሩቅ አገር እንደመጣ ዘመድ ነው ያቀፈው፤ ጉንጩን ሳይቀር ለጥፎበታል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለ አንዱ።

«ከምሳ በፊት ጀምሮ» አለ ጦጣው። ጦጣው የአባዬ ገመድ ያዥ ነው፤ አወጣጡ ቀልጣፋ ስለሆነ ነው እንደዚያ የሚሉት። ሁሌም አንዱ ይወጣል፣ ሌላው መሬት ሆኖ ገመዱን ይይዛል።

«አንተ ሰውዬ!» ብላ ጮኸች እትዬ ወንፊት። «እዚያው ጎጆ ልትወጣ ነው እንዴ?»

እትዬ ወንፊት ዘር የምትነፋው ሴትዮ ናት። ሥራዋም ወንፊት ነው፣ አፏም ወንፊት ነው፤ ምንም አይቋጥርም። ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። እኔና አባዬ ቤት ውስጥ የምንጫወታት ጨዋታ ነበረችን፤ ቀድሞ የተንቀሳቀሰ ይሸነፋል። እሷን እየተጫወተ መሰለኝ። በጣም ጎበዝ ነበር፣ ጣቱ እንኳን አልተንቀሳቀሰም። እጄን አውለበለብኩለት። አልመለሰልኝም፤ ቢመልስልኝማ ይሸነፋላ።

በኋላ ጦጣው ወጣ። ከራሱ ጋር አሰረውና አንድ አንድ እግሩን እየያዘ አወረደው። «ይቺን እግር። ጎሽ። አሁን ደግሞ ይቺን።» እኔ ያየሁት ምን መሰላችሁ? ትልቅ ባለሥልጣን ከመኪና ሲወርድ ሰው እንደሚደግፈው ነው። መሬት ሲደርስ ደግሞ ሁሉም ዝም አለ፣ መንገድም ለቀቁለት። ሱሪው እርጥብ ነበር። ሙጫ ነው አልኩ በሆዴ።

ሙጫ አልነበረም።

እማዬ ሹራቧን አውልቃ ከፊት በኩል ወገቡ ላይ አሰረችለት። ቀይ ሹራብ ነው። ትምህርት ቤታችን የመጣ ሹም ወገቡ ላይ እንደዚያ ዓይነት ቀይ ነገር ታስሮለት አይቼ ነበር። ስለዚህ ገባኝ። አባዬን ሾሙት ማለት ነው።

ከዚያ ቀን በኋላ አባዬ ቤት ዋለ። ጠዋት ስሄድ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል፣ ስመለስም እዚያው ነው። እጆቹን ጭኑ ሥር ይደብቃቸዋል። ሰዎች እየመጡ ይጠይቁታል፤ በሩ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸውን ይቀንሳሉ፣ «አይዞህ፣ ያልፋል» ይላሉ፣ ቶሎም ይወጣሉ። ርዕሰ መምህራችን ቢሮ የሚገባ ሰው እንደዚያ ነው የሚያደርገው። ካቦው፣ ማለትም የጣቢያው ሁሉ አለቃ፣ ሳይቀር ባርኔጣውን አውልቆ ገባ። ካቦው ባርኔጣውን ሲያወልቅ አይቼ አላውቅም ነበር፤ ለካ መላጣ ነው።

«ዕረፍ» አለው። «ዕረፍ እስቲ።»

አባዬ ወለሉን እያየ «እሺ» አለ።

እኔማ ደስ ብሎኝ አልችልም። በማግስቱ ማድረቂያው ሄጄ ለእትዬ ወንፊት ነገርኳት፦ «አባዬ አለቃ ሆኗል። ከእንግዲህ ዛፍ አይወጣም።»

ወንፊቷን አቆመች። «ማነው ያለሽ?»

«ማንም። አይቼ ነው።»

«ኧረ ተይ! እንግዲህ አርፈን እንቀመጣ» ብላ ለሌሎቹ ጠቀሰቻቸው። ሁሉም ሸራው ላይ አጎነበሱ። እማዬ ብቻ አላጎነበሰችም። ፍሬ የምታገላብጥበትን መቆስቆሻ ይዛ ቆማ አየችኝ፣ ከዚያ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ቤት ስንገባም አላነሳችውም። ባነሳችው ምን ትል ነበር? እኔ አሁን ራሴን በሷ ቦታ አድርጌ ሳስበው የምትለው ይጠፋኛል።

ከዚያ ጠዋት ጠዋት ማጠጣት ጀመርን።

እማዬ ጎህ ሲቀድ ትቀሰቅሰኛለች። ሠራተኛ ሳይመጣ ማድረቂያው እንገባለን፤ እሷ በትልቁ የችግኝ ማጠጫ፣ እኔ ቀዳዳ በበዛበት ጣሳ፣ ሸራው ላይ የተሰጣውን ፍሬ ውሃ እናርከፈክፍበታለን። ፍሬው ሲረጥብ የሚሸተው ሽታ አሁንም አፍንጫዬ ውስጥ አለ፤ አዲስ የተጠረበ ሳንቃ ላይ ሎሚ የጨመቁበት ይመስላል።

«እማዬ፣ ለምንድነው የምናጠጣው?»

«ይጠማቸዋል።»

«ችግኝ ናቸው እንዴ?»

«አንቺ አፍሽን ዘግተሽ እጅሽን አንቀሳቅሺ።»

አንቀሳቀስኩ። ከፈት ማለት ጀምረው የነበሩት ቀስ እያሉ ሲገጥሙ አይ ነበር። ጠጥተው ጠግበው አፋቸውን የዘጉ ነው የሚመስለኝ። የጥድ ፍሬ እርጥበት ሲነካው ይዘጋል፣ ሲደርቅ ይከፈታል፤ በዝናብ ዘሩን አይለቅም፣ የረጠበ ክንፍ አይበርማ። ይሄን አሁን የማንም ተማሪ ያውቀዋል። እኔ ያኔ የማላውቀው ሌላ ነው፦ ሸራው ሳይለቀቅ አዲስ ለቀማ አይጀመርም። የታችኛው ደን ፍሬ ተከፍቶ፣ ተራግፎ፣ ተነፍቶ ሳያልቅ የላይኛው ደን አይነካም። ለቀማ ካልተጀመረ ደግሞ «በል ውጣ» የሚባል ሰው የለም። አባዬ መውጣት አለመቻሉን ሁሉም ያውቃል፣ ግን ገና አልተባለም። የምንኖርበት ቤት የፍሬ አውራጅ ቤት ነው። የማያወርድ ሰው አይኖርበትም። እማዬ በየጠዋቱ የምታጠጣው ቤታችንን ነበር።

ካቦው በየቀኑ እየመጣ አንድ ፍሬ ያነሳል። ይጫነዋል፣ ጆሮው ላይ አድርጎ ያዳምጠዋል፣ ይመልሰዋል።

«ኤጭ!» ይላል ሁሉም እንዲሰማው። «ዘንድሮ ጤዛው አይጣል ነው!»

ውጭ ፀሐይ አናት ትበሳለች። መሬቱ ተሰነጣጥቋል። እኔ ሸራው ጥግ ተቀምጬ አፌን ይዤ እስቃለሁ፤ ካቦው ጅል መሰለኝ፣ እኔና እማዬ ደግሞ ብልጦች። አንድ ቀንማ ማጠጫችንን በር ላይ ረስተነው፣ አነሳና ውሃው ጠብ ጠብ እያለ መጋዘኑ ውስጥ ራሱ አስቀመጠው። «ንብረት አታዝረክርኩ» ነው ያለው። ሰውየው እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ፍሬ ሲያደርቅ የኖረ ሰው ነው። ጣሪያ ያለው ቤት ውስጥ ጤዛ እንደማይወርድ አያውቅም ነበር ብላችሁ ነው?

አባዬ በነዚያ ቀናት አንዴ ብቻ በደንብ አወራኝ። ንፋስ የጣለውን ቅርንጫፍ ይዤ ገባሁ፤ ጫፉ ላይ ትንሽ አረንጓዴ ፍሬ አለች። ሲያያት እጁን ከጭኑ ሥር አወጣ።

«ይቺን ማን ቆረጣት?»

«ንፋስ ነው።»

ተቀበለኝና በአውራ ጣቱ ዳበሳት። «ይቺ የከርሞ ናት። ጥድ አይቸኩልም። ያ ቢጫ ብናኝ ይመጣና ይነካታል፣ ከዚያ ዓመት አልፎ ሌላ ዓመት ትጠብቃለች። ላይ ሆነሽ ስታይ የዘንድሮው ቡኒ፣ የከርሞው አረንጓዴ፣ ጎን ለጎን ነው ያለው። ሲለቅሙ የከርሞውን መንካት የለም። የከርሞውን የሚሰብር አውራጅ አውራጅ አይደለም።»

ይሄን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነው ያለው። ከዚያ ቅርንጫፉን መለሰልኝና እጁን ወደ ቦታው ከተተ።

«ዘንድሮ ማን ነው የሚወጣው?» አልኩት።

«እንጃ።»

«አንተ አይደለህ እንዴ የምትወስነው?»

«እኔ?»

«አለቃ ስለሆንክ።»

አየኝ። ይስቃል ብዬ ጠበቅኩ። አልሳቀም፣ አልተቆጣም። «እሺ» አለ። አባዬ ያን ሰሞን ለሁሉም ነገር «እሺ» ነበር የሚለው፤ ብላ ሲሉት እሺ፣ ተኛ ሲሉት እሺ።

የሆነ ጠዋት ማድረቂያው ስንደርስ ካቦው ቀድሞን በሩ ላይ ቆሟል። እማዬ ማጠጫውን ከኋላዋ ደበቀችው፤ ያን የሚያህል ማጠጫ ቀሚስ አይሸፍነውም።

«ሻገተ» አላት። «ከሥር ያለው መሻገት ጀምሯል። የሻገተ ዘር የሞተ ዘር ነው፣ ታውቂያለሽ። እስካሁን አላየሁም። ከዛሬ ወዲያ አላየሁም ማለት አልችልም።»

«ትንሽ ቀን።»

«ትንሽ ቀን ቢሰጠው ይወጣል?»

እማዬ ማጠጫውን ከኋላዋ አወጣችው።

«ጦጣው ሚስቱ ልትወልድ ነው» አለ ካቦው። «እሱም ቤት ይፈልጋል። አፉን ሞልቶ አልጠየቀኝም፣ ግን ሰው ነው።»

እማዬ ማጠጫውን ደፋችው። ውሃው ደጁ ላይ ፈሰሰ፣ ጫማዬ ውስጥም ገባ። በኔ ቤት የጣቢያው ውሃ አልቆ ነው።

ከዚያ ፍሬው ደረቀ። ሲከፈት ድምፅ አለው፤ ጠጠ፣ ቀጭ፣ ጠጠጠ። አንዱ ሲጀምር ሌላው ይከተላል፣ ቤታችን ድረስ ይሰማል። አባዬ ድምፁን ሲሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአልጋው ተነሳና መስኮቱን ዘጋው። ከዚያ ተመልሶ ተቀመጠ።

ሸራው ተለቀቀ። ለቀማ ተባለ።

አባዬ ጠዋት ተነስቶ ተላጨ። እማዬ ሳትናገር ቁርስ አቀረበችለት። እሷ ደግሞ ከቀሚሷ ሥር የሱን አሮጌ ሱሪ ለብሳለች፤ ሳየው በርዷት ነው አልኩ። የላይኛው ደን ስንደርስ ሰው ሁሉ አለ። ካቦው፣ ጦጣው፣ እትዬ ወንፊት ከነጓደኞቿ። አባዬ ቀበቶውን ታጠቀ፣ ጦጣው ገመዱን አሰረለት፣ መሰላሉ ቆመ። አባዬ አንድ ወጣ። ሁለት ወጣ። መሰላሉ መሃል ላይ ሲደርስ እጁ የያዘውን እንጨት አልለቅ አለው። የሚነገር ነገር የለውም፤ ጩኸት የለ፣ ምን የለ፣ እዚያው ቆመ በቃ። ከዚያ ካቦው «ውረድ» አለው፣ ወረደ። እሺ እንኳን አላለም።

«በል ጦጣው» አለ ካቦው መሬት መሬቱን እያየ።

«አንዴ ቆይ» አለች እማዬ። ቀሚሷን ከላይ አውልቃ ቁጥቋጦ ላይ ጣለችው። ሱሪና ሸሚዝ ሆና ቆመች። «ደንቡ ምንድነው የሚለው?»

«የምን ደንብ?»

«የቤቱ። ወንድ ነው የሚለው ወይስ አውራጅ?»

ካቦው ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፋ። «አውራጅ ነው የሚለው።»

«እንግዲያስ።»

«ሴትዮ፣ ዕድሜ ልክሽን መሬት ነው የቆምሽው!»

«አንተስ የት ነው የቆምከው?»

ሰው ሳቀ። ካቦው አልሳቀም። «ስሚኝ» አላት። «ጆንያ ሞልተሽ ከወረድሽ ቤቱ ያንቺ ነው። ነገር ግን እዚያ ላይ ትንሽ ስትንቀጠቀጪ ባይ፣ ትንሽ፣ ያን ጊዜውኑ ነው የማወርድሽ፤ ጦጣው ይወጣል። ሁለተኛ ሰው ከዛፍ ላይ አላስለቅምም።»

አባዬ ቀበቶውን ፈታና ሰጣት። ይሄን በዓይኔ ነው ያየሁት። ለዓመታት ሳስታውሰው የኖርኩት እንዴት መሰላችሁ? አባዬ አለቃ ስለሆነ እማዬን «አንቺ ውጪ» ብሎ አዘዛት። እንዴት ያለ ጨካኝ አለቃ ነው ብዬ ትንሽ ፈርቼውም ነበር። ጦጣው «በዚህ በኩል አጥብቂው» እያለ ቀበቶውን አሳያት። በወሩ እሱ ሌላ ጣቢያ ሥራ አገኘ፤ ያናገረለትም ካቦው ነው። ያን ቀን ገመዱን ማን እንደሚይዝ ማንም አልጠየቀም። አባዬ ያዘው።

ወጣች። ቀስ ብላ ነው፣ ግን ወጣች። ቅርንጫፍ ውስጥ ገብታ ከወገቧ በላይ አልታይ አለች፤ ቅጠሉ ዋጣት። ፍሬው ጆንያው ውስጥ ሲወድቅ ብቻ ይሰማል።

«አያችሁ?» አለች እትዬ ወንፊት እጇን አፏ ላይ አድርጋ፣ ግን ሁሉም እንዲሰማ። «ይሄ ቤት እንደ ጥዱ ሆነ! ሴቷ ከላይ፣ ወንዱ ከታች!»

የሳቁት ሳቅ! እኔም ሳቅኩ፣ ሰው ስለሳቀ። አሥረኛ ክፍል ባዮሎጂ መምህሩ ሰሌዳው ላይ ጥድ ሲስል ነው የገባኝ፤ ዘር የሚይዙት ሴቶቹ ፍሬዎች ላይኛው ቅርንጫፍ ላይ ናቸው፣ ብናኙን የሚለቁት ትናንሾቹ ወንዶች ደግሞ ታችኛው ላይ ይበዛሉ። ብናኙ በራሱ ዛፍ ፍሬ ላይ እንዳይወድቅ ነው፤ ለሴቷ ከሌላ ዛፍ በንፋስ የመጣው ይሻላታል አለን። ክፍሉ ውስጥ የሳቀ የለም። እኔ ደብተሬ ላይ ገለበጥኩ፣ ፈተና ላይም መጣ፣ አገኘሁት።

አባዬ ሳቁን ሰምቷል። ዞር አላለም። ገመዱን በሁለት እጁ ይዞ አንጋጧል፣ ገመዱ ግን ይንቀጠቀጣል። ከእጁ እስከ ላይ ድረስ፣ እንደተመታ ክራር። ቀስ አይልም፣ አያቋርጥም።

«ኧረ ይሄን ሰው ተመልከቱ!» አለች እትዬ ወንፊት። «መሬት ላይ ቆሞ እንኳን ይንቀጠቀጣል!»

ካቦው ገመዱን አየ። አባዬን አየ። «ምነው?» አለው።

«እኔ ነኝ» አለ አባዬ። «እጄ ነው።»

ካቦው ራሱን ነቀነቀና ሄደ። እኔ ሄጄ ሱሪውን ጎተትኩት። «አባዬ፣ አትንቀጥቀጥ። ሰው እያየ ነው።»

«እሺ» አለኝ።

እማዬ ጆንያ ሞልታ ወረደች። ቤቱ የእኛ ሆነ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ እሷ ትወጣለች፣ እሱ ይይዛል፤ በየዓመቱም አንድ ሰው ይነሳና በሱ እጅ ይቀልዳል። «የእንትና ባል የወባ ታማሚው» ይሉታል። እኔም ለምጄው ነበር። አባቴ የሚንቀጠቀጥ ሰው ነው፣ በቃ። የአንዳንዱ አባት ያኮርፋል፣ የኔ ይንቀጠቀጣል።

ዘንድሮ ትምህርት ጨረስኩ። ውጤት እስኪመጣ ቤት ነኝ። ለቀማው መሃል ላይ አባዬ ጥርሱን ታመመና እማዬ «ነይ አንቺ ያዢ» አለችኝ። ገመዱን እንዴት እንደሚያዝ አሳየችኝ፣ ወጣች፣ ቅጠሉ ውስጥ ገባች።

ገመዱ እጄ ላይ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

መጀመሪያ እኔ መሰልኩኝ። እጄን አየሁት፤ ቀጥ ብሏል። ክንዴን ከጎኔ አጣበቅኩ፣ እግሬን ሰፋ አድርጌ ተከልኩ። አሁንም ይንቀጠቀጣል። የሚመጣው ከላይ ነው። ፍሬው ጆንያው ውስጥ በየተራ እየወደቀ ነው፣ አንዱም አልተዛነፈም፤ ገመዱ ግን እጄ ውስጥ እንደታፈነ ወፍ ይርገበገባል። በየዓመቱ እንዲህ ነበር ማለት ነው። የአባዬ እጅ ምንም አልነበረውም።

ማልቀስ የነበረብኝ ይመስለኛል። አላለቀስኩም። አንዲት ሐሳብ ብቻ መጣችልኝ፦ ጠበቅ አድርጌ ልያዘው፣ እንዳልለቀው፣ እሷ አንድ ነገር አጥብቆ እንደያዛት ይታወቃት።

ከካቦው ቀጥሎ የተሾመው አዲሱ ካቦ ጆንያ ሊቆጣጠር እየመጣ ነበር። ወጣት ነው፣ ቀልድ ይወዳል። ገመዱን አየ፣ እኔን አየ።

«ምነው ልጅት፣ አንቺም እንዳባትሽ ነሽ እንዴ? ያንቀጠቅጥሻል?»

ፀሐዩ ሙጫውን ሳይቀር እያቀለጠ ነበር። ጀርባዬ በላብ ርሷል።

«በርዶኝ ነው» አልኩት።